ቡጢ የማያገኘው ወንድሜ

ወንድሜ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ከወጡት ቦክሰኞች ሁሉ ይበልጥ ነበር ወይስ አይበልጥም በሚለው ክርክር እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ክርክሩ የወንዶች ነው። ጠዋት ፀጉር ቤት ይጀመራል፣ ታክሲ ውስጥ ይቀጥላል፣ ማታ ግሮሰሪ ገብቶ ይሰክራል። አንዱ የቡራዩውን ልጅ ቀኝ እጅ ያነሳል፣ ሌላው የሱሉልታውን ደንዳና ደረት። ወንድሜ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ግጥሚያ ብቻ ነው፤ ስለ መጨረሻው። ያ ግጥሚያ ካደረጋቸው ሁሉ የከፋው ነበር። ይህን የምለው እህቱ ስለሆንኩ አይደለም፤ ማየት ሥራዬ ስለሆነ ነው።

ሰበታ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ጨርቅ መርማሪ ነኝ። ከማሽን የወጣው ጨርቅ ከሥሩ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ በፊቴ ያልፋል፤ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ የሳሳ ቦታ ሳይ አስቆመዋለሁ። ሥራዬ እንከን መፈለግ ነው፤ ቤትም ድረስ ይዤው እንደምመጣ የሚያሙኝ ብዙ ናቸው፣ እውነታቸውን ነው። ከዚህ ሥራ የተማርኩት ነገር ቢኖር እንከን የሌለበትን ጨርቅ ማንም እንደማያየው ነው። ዝም ብሎ ያልፋል። ማሽኑ ላይ የቆመችውን ልጅ ስሟን የምንጠራው የተበላሸባት ቀን ብቻ ነው። የወንድሜም የቦክስ ዘመን እንዲሁ ነው ያለፈው።

እናታችን የሞተችው እሱ ገና ድክ ድክ ሲል ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ያደገው ሰበታ፣ ፉሪ ዳገቱ ላይ፣ አባቴ በፋብሪካ ጥበቃነት እየሠራ ባቆማት ቤት ውስጥ ነው። ያኔ ከበራችን ፊት የጤፍ ማሳ ነበር፤ ዛሬ የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ነው የሚታየው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ከተቆጣው ዓይኑ እንባ የሚሞላ ልጅ ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ ከቦክስ ጋር ምን አገናኘው ብትሉኝ መልሴ አሰልጣኙ ናቸው።

አሰልጣኙ የሱሉልታ ሰው ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ እያለ ነበር የሚጠራቸው። በወጣትነታቸው ቦክሰኛ ሆነው ብዙ ተመትተዋል። ጆሯቸው ተጨማዷል፣ ንግግራቸው ይጎተታል፣ አንዳንዴ የራሳቸውን ልጅ ስም ይረሱት ነበር። ለዚህ ይመስለኛል ልጆቹን እጃቸውን ወደ ኋላ በመቀነት አስረው የሚያሰለጥኑት። ከመለማመጃ አዳራሹ ጣሪያ ወራጅ ላይ በገመድ የታሰረ፣ በውሃ የራሰ የጆንያ ቁራጭ ያወዛውዙባቸዋል። ፊቱ የረጠበ ተሸናፊ ነው። ለወራት ከዚህ ሌላ ትምህርት የለም፤ ጓንት የሚባል ነገር በዓይንም አይታይ። አብዛኞቹ ልጆች በሳምንቱ ወደ ኳስ ሜዳቸው ተመለሱ። ወንድሜ ቀረ። እራት ይዤለት ስሄድ እጁ የፊጥኝ ታስሮ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ ፊቱ ግን ደርቆ አገኘዋለሁ። ኦቦ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱለት ነበር፤ «ሂን ሩኩተሚን! መጀመሪያ አትመታ። መምታቱን በኋላ ትደርስበታለህ።»

ግጥሚያውን መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ ነው። ፈርቼ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ነው የተቀመጥኩት። ከዚያ ፍርሃቱ ለቀቀኝ፣ ምክንያቱም የምፈራው ነገር አልመጣም። ተጋጣሚው ይሰነዝራል፤ ቡጢው ሲደርስ የወንድሜ ራስ ቀድሞ ቦታውን ለቋል። ሩቅ አይሄድም፣ የሁለት ጣት ያህል ነው። ሰውየው እንደገና ይሰነዝራል፣ ትከሻውን ይነካል፣ ክንዱን ይነካል፣ አየር ይመታል። በሦስተኛው ዙር ሰውየው እጁን ማንሳት አቅቶት እንደ አህያ ጭነት ወደ ታች ተንጠልጥሎበት ነበር፤ ወንድሜ ግራ እጁን ዘርግቶ አፍንጫውን ነካ ነካ እያደረገ ነጥቡን ለቀመ። ሕዝቡ አበደ፣ በንዴት ማለቴ ነው። ተዋጋ ይሉታል፣ ያፏጫሉ። አንዱ ከኋላዬ ተነስቶ፣ መሮጥ ከሆነ የሚፈልገው ሱሉልታ ውሰዱት ብሎ ጮኸ፤ ሯጮች የሚለማመዱት እዚያ ነዋ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትም ቢጋጠም ይቺ ቀልድ ተከትላው ትገባ ነበር።

በነጥብ አሸነፈ። ሁልጊዜም በነጥብ ነበር የሚያሸንፈው። በክብደቱ የአገሪቱን ወርቅ ለዓመታት ማንም አልነጠቀውም። ከግጥሚያ በተመለሰ ቁጥር አምፖሉ ሥር አስቀምጬ ፊቱን አገላብጬ እመረምረው ነበር፤ ቅንድቡን፣ ከንፈሩን፣ ከጆሮው ጀርባ። «እታለም፣ እኔ እኮ አቡጄዲ አይደለሁም» እያለ ይስቅብኛል። አንድም ቀን እንከን አላገኘሁበትም።

እንግዲህ ታላቅነት ይመዘን ከተባለ እኔም ሚዛኔን ላምጣ። የቡራዩው ልጅ መቺ ነበር፣ የመታውን ሰው ያስተኛል። የሱሉልታው ቆሞ የሚቀበል ነበር፣ ስንት ቢያወርዱበት ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አያውቅም። ሰው ሁለቱንም ይወዳቸው ነበር፤ ለከፈለው መግቢያ ደም ያሳዩታል። ዛሬ ግን የሱሉልታው ሰው ሰላም ሲለኝ እጁ በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ገና አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ወንድሜ ሁለቱንም አሸንፏቸዋል፣ የቡራዩውን ደጋግሞ፤ ሁለቱም እሱን ሳይጎዱት፣ እሱም እነሱን ክፉኛ ሳይጎዳቸው። ሰው ሳይጎዱ፣ ራስንም ሳያስጎዱ ከማሸነፍ በላይ ምን ጥበብ አለ? ይህን ስል የፋብሪካችን ወንዶች ይስቁብኛል። የሴት ቦክስ ነው ያወራሽው ይሉኛል።

እንከን አልነበረበትም ግን አልልም፤ እንጀራዬ እንከን መፈለግ ነውና። ጡጫው ቀላል ነበር። የደከመ ሰው ከፊቱ ቆሞ እያለ እንኳ ጨርሶ አይጥለውም፣ ይተወዋል። አንዳንዴ ተጋጣሚው አየር ሲመታ ፈገግ ይላል፤ ያ ፈገግታ ያናድዳል፣ እኔንም ያናድደኝ ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ሰው ሲጠላው አይችልም ነበር። ፉጨቱን ሰምቶ የመጣ ቀን ወርቁን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሳይበላ ይተኛል። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ማን ምን እንዳለው ይነግረኛል፣ ሁሉንም ቃል በቃል ይዞት። እነሱን ምን ታደርጋቸዋለህ፣ ተዋቸው ስለው፣ እሺ ይለኛል፤ አይተዋቸውም።

አባቴ ወታደር ነበር። ከጦር ሜዳ አንድ እግሩን እየጎተተ ተመልሶ በፋብሪካው በር ላይ ጠባቂ ሆነ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ለማንም መናገር አይሰለቸኝም። ግን ጀርባ ማሳየት ምን እንደሆነ የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ፈረቃ ሲቀያየር የሚገባው የሚወጣው ሠራተኛ፣ ልጅህ ዛሬም አመለጠ አሉ ይለዋል፣ ለጨዋታ። አባቴ አብሮ ይስቅና ቤት ሲመጣ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ልጁን ሳያይ ወደ ጓዳ ይገባል። የልጁን ግጥሚያ አንድም ቀን ሄዶ አላየም። ወርቁን ለጎረቤት ሲያሳይ አይቼዋለሁ፤ እንዴት እንዳገኘው ሲጠየቅ ግን ወሬ ይለውጣል። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የእኛ እናት አፈር ከለበሰች ቆይታለች፤ እንግዲህ አባቴ ፈሪ ልጅ ለማን እንደሚሆን አላወቀም።

ያን እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ምሳ ቀርበናል። ግጥሚያው ከሰዓት በኋላ ቡራዩ ላይ ነው፣ ከዚያ ከመቺው ልጅ ጋር። ወንድሜ የግጥሚያ ቀን ብዙ አይበላም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆርሶ እጁን ሰበሰበ። አባቴ እንደ ልማዱ ጉርሻ መጠቅለል ጀመረ። በሞቴ የማዕድ ቃል ነው። እንግዳ በቃኝ ሲል፣ ሕፃን ሲያኮርፍ፣ በሞቴ እንላለን፤ የተባለው ሰው አንዲት ጉርሻ ሳይጨምር አይነሳም። ማንም ሞቱን አስቦ አይለውም። አባቴም በዚያ ቤት ውስጥ ሺህ ጊዜ ብሎታል፣ ለእኔም፣ ለእሱም፣ የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣውም ሰው። ያን ቀን ጉርሻውን ይዞ እጁን እንደዘረጋ፣ ልጁን ሳይሆን ጉርሻውን እያየ እንዲህ አለው፤

«በሞቴ፣ ዛሬ እንኳን አትሽሽ። ዛሬ ቁምልኝ። እኔም መጥቼ አይሃለሁ።»

ወንድሜ አፉን ከፍቶ ጎረሰ። የሰው እጅ በሞቴ ተብሎ ተዘርግቶልህ እንዴት አትጎርስም? አፉ ሙሉ ስለነበር የመለሰው ነገር የለም፣ ያላመጠውን እስኪውጥ ደግሞ አባቴ እጁን ሊታጠብ ተነስቷል። እኔ ተቆጣሁ። አባባ፣ ይሄ እኮ ለእህል የሚባል ነገር ነው፣ እንዴት በሰው ገላ ላይ ትለዋለህ አልኩት። እሱ እጁን መታጠቡን ቀጠለ። ወደ ወንድሜ ዞሬ እንዳትሰማው ስለው፣ አይ እታለም፣ ይመጣል እኮ አለኝ። አባቱ ሊያየው መምጣቱ ነበር የታየው። ፊቱ እንደዚያ በርቶ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፣ ወርቅ ባገኘ ቀን እንኳ።

ኦቦ በዚያው ዓመት ክረምት አርፈው ነበር። በሪንጉ ጥግ በእሳቸው ቦታ የቆመው ክለቡ የላከው ሌላ አሰልጣኝ ነው፤ እሱም እንደ ተመልካቹ አንድ ቀን ጨዋታ ማየት የሚፈልግ ሰው ነበር። ሪንጉ የተተከለው አጥር ባለው ሜዳ ላይ ነው፤ ፀሐይ ነበር፣ ሕዝቡም ከሦስቱም ከተማ ግልብጥ ብሎ መጥቷል። አባቴ ከፊት ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ተሰጠው። እኔ ከኋላው ቆምኩ።

ደወል ተደወለ፣ ወንድሜ ወጣና መሐል ሄዶ ቆመ። መጀመሪያ ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም፤ ተጋጣሚው ራሱ ግራ ተጋባ። ከዚያ ልጁ በቀኙ መታው። ድምፁን ሰማሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት የወንድሜን ፊት የሚያገኝ ቡጢ ምን ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ሥጋ ቤት ብልት ከመንጠቆ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲጣል የሚሰማው ነው። ወንድሜ አልተነቃነቀም። መልሶ መታ። እንደገና ተመታ። ሕዝቡ አንድ ላይ ብድግ አለ፣ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን እየጠሩ ጮኹለት። አባቴ ከዘራውን ጥሎ በአንድ እግሩ ቆሞ ነበር። በሁለተኛው ዙር የወንድሜ አንድ ዓይን ተደፈነ። እኔ አስቁሙት እያልኩ በሰው መሐል ተጋፋሁ፤ አንዲት ሴት ስትጮህ ደስታ መስሏቸው ያጨበጭባሉ። በሦስተኛው ዙር፣ እንዴት አድርጎ እንደሆነ እንጃ፣ ያን መቺ ልጅ መትቶ ጣለው። በዝረራ። በሕይወቱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዝረራ ነው።

ትከሻ ላይ አውጥተው ሜዳውን አዞሩት። አባቴ እያለቀሰ ያበጠ ፊቱን ሳመው፣ ደሙ ጢሙ ላይ ቀረ። ወደ ሰበታ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ይዘፈን ነበር። ወንድሜ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ራሴን አመመኝ አለኝ። አየር ጤና ሳንደርስ ነጠላዬ ላይ አስታወከ፣ ከዚያ እንቅልፉ መጣ። ስጠራው አይሰማም። ሹፌሩን አቁም ስለው፣ ደክሞት ነው ተይው ይተኛ ያሉኝ ሰዎች ዛሬም በጎዳና ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል። ሆስፒታል ስንደርስ ራሱ ውስጥ ደም ፈሷል ተባለ። የራስ ቅሉን ከፍተው ቀዶ ጥገና አደረጉለት። ተረፈ።

መትረፍ ማለት እንዲህ ነው። ጠዋት አለብሰዋለሁ፣ ከበራችን ላይ የፕላስቲክ ወንበር አወጣለታለሁ፣ እዚያ ይውላል። ባጃጅ የሚነዱ ልጆች ቻምፕ፣ ጀግናው እያሉ ጥሩምባ ይነፉለታል። ጎረቤታችን ሽማግሌ በኦሮምኛ አካም ቡልተ፣ እንዴት አደርክ ሲሉት ነጋ፣ ደህና ብሎ ይመልሳል፤ ሰላምታ አልጠፋበትም። ኦቦን ያስታውሳል፣ የጆንያውን ቁራጭ ያስታውሳል፣ ሻምፒዮን መሆኑን ያውቃል። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ያለው ግን የለም። ዛሬ የነገርከው ነገ አይገኝም። ያንን ግጥሚያ እንደተጋጠመ አያውቅም፤ በሁሉም ሰው ስልክ ላይ ያለ ቪዲዮ ቢሆንም በእኛ ቤት ተከፍቶ አያውቅም፣ ለመክፈት የሞከረውን እንግዳም ከነስልኩ አስወጥቼዋለሁ። ወንድሜ ራሱን የሚያውቀው ቡጢ እንደማያገኘው ሰው ነው። ይቺን ማንም እንዳይወስድበት እፈልግ ነበር።

አባቴ ከዚያ በኋላ ማንንም ብላ ብሎ ለምኖ አያውቅም። እንግዳ እጁን ሲሰበስብ ዝም ብሎ ያየዋል። ልጁ በራሱ እጅ መጉረስ ስለማይችል ምግብ የሚያጎርሰው እሱ ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ ቃል ሳይወጣው አጉርሶ ይነሳል። ብዙ አልቆየም። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የመጣው ሰው ሁሉ የጀግና አባት ነበሩ ይል ነበር፣ እሱን የቀበረው ይኸው ቃል መሆኑን ሳያውቅ። ወንድሜ የአባቱን ሞት ስንት ጊዜ ተነግሮታል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይረሳዋል። አባባ ፈረቃው አልቆ አልመጣም እንዴ እያለ ይጠይቀኛል። አሁን ይመጣል እላለሁ።

ያ የቡራዩ ልጅ እሑድ እሑድ ከቸርች ሲወጣ ይመጣል። ከደቡብ መጥቶ በግንባታ ሥራ የሚኖር ሰው ነው፤ ቦክሱን ከዚያ ቀን በኋላ ተወው። ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ ልጦ ያበላዋል፣ አብረው መንገድ ያያሉ። አንድ ቀን፣ ለመሆኑ ያን ቀን ምን ታይቶህ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። የሙዙን ልጣጭ እየሰበሰበ መለሰልኝ።

«እህቴ፣ ከዚያ በፊት ሁለቴ ገጥሜዋለሁ። ግድግዳ ብመታ ይሻለኝ ነበር፤ ግድግዳ ቢያንስ አለ። ያን ቀን የመጀመሪያው ሲያርፍበት ደነገጥኩ። ይቅርታ ልለው ነበር፣ እውነቴን ነው። ሰው ግን ይጮሃል፣ እጄም አልቆመ።»

ከእሱ ውጭ ወንድሜን በትክክል የመዘነ ሰው አላገኘሁም።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ አንድ ወጣት ቤታችን መጣ፣ ከስፖርት ጽሕፈት ቤት ነኝ ብሎ። ትሁት ነው፣ ወንበር ሲሰጡት እንኳ ይሽኮረመማል። ሦስቱ ከተሞች ተባብረው የምንጊዜም ታላቅ ቦክሰኛቸውን ሊመርጡ ነው፤ ወንድሜ ከሦስቱ እጩዎች አንዱ ነው፣ እንድንገኝላቸው ይፈልጋሉ። ምንድን ነው የምታሳዩት አልኩት። የመጨረሻውን ነዋ አለኝ፣ ሰው የሚወደው እሱን ነው። ቁጭ አድርጌ ነገርኩት፤ ያንን አይቶት እንደማያውቅ፣ ካሳያችሁት እንደማንመጣ። ክለቡ የቀዳውን ሌላ ግጥሚያ በፍላሽ ሰጠሁት፣ ወርቁን መጀመሪያ ያገኘበትን፣ አንድም ቡጢ ፊቱን ያልነካበትን። ይህንን አሳዩ፣ ታላቅ የሆነው በዚህ ነው አልኩት። እሺ እትዬ፣ ቃሌ ነው ብሎ ሄደ።

ለምን ይዘሽው ሄድሽ ይሉኛል። ስለፈለግሁ ነዋ! አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ወንድሜ በሠራው ሥራ ሲመሰገን ማየት ፈልጌ ነው። ፀጉሩን አስተካከልኩት፣ ኮቱን ተኮስኩ። የቡራዩው ልጅ መኪና ለምኖ ወሰደን።

አዳራሹ ሱሉልታ ነበር። የሱሉልታ ብርድ በበሩ ሥር እየገባ እግር ይቆርጣል። ወንድሜ መሐል፣ እኔና የቡራዩው ልጅ ግራና ቀኙ ተቀመጥን። መጀመሪያ እኔ የሰጠሁትን ግጥሚያ አሳዩ። ወንድሜ ገና ሲጀመር፣ እኔ ነኝ አለ። ክንዴን ይዞ ያስረዳኝ ጀመር፤ አሁን በግራ ይመጣል እይው፣ አሁን ደከመው፣ አሁን እግሩን እይ። ቃላቱ ሳይጎተቱ ነበር የሚወጡት። ከጉዳቱ ወዲህ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሕዝቡ ግን ስልኩን ያያል፣ ያወራል። አንዱ፣ ሯጩ ዛሬ ሱሉልታ መጣ፣ ቦታውን አገኘ አለና ተሳቀ። ከዚያ ከኋላ፣ የቡራዩውን ግጥሚያ አሳዩን የሚል ድምፅ መጣ። ሌላው ተቀበለው። ከበሮ እስኪመስል ወለሉን በእግራቸው ይደበድቡት ጀመር። ያ ትሁት ወጣት ወደ እኔ አየ፣ ወደ ፊት ወንበሮቹ ወደ አለቆቹ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ማየቱን ተወ።

ቪዲዮው ሲጀመር ተነሳ እንሂድ አልኩት። የቡራዩው ልጅ በአንድ ክንዱ፣ እኔ በሌላው ይዘን ልናስነሳው ሞከርን። የወንበሩን እጀታ ጨብጦ እንቢ አለ። ቆዪ፣ ልየው አለኝ። እኔ ነኝ አላለም። እንዴት ይበል? እንደዚያ ቆሞ አያውቅማ። የመጀመሪያው ቡጢ ሲያርፍ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተው፣ በእኔ በኩል ዞረ።

«እታለም፣ ይሄ ልጅ ሰው የለውም እንዴ?»

«አለው» አልኩት።

«ታዲያ ለምን አያወጡትም? ይገሉታል እኮ።»

በአጠገቡ የተቀመጠው የቡራዩ ልጅ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፍኖ ነበር። አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ያጨበጭባል፣ ማይክ የያዘው ሰው የምንጊዜም ታላቃችን እያለ የወንድሜን ስም ይጠራል። ወንድሜ ስሙን አልሰማም፤ ዓይኑ ሸራው ላይ ነው፣ እጄን አጥብቆ ይዞ። ቪዲዮው ላይ የሚቀርጸው ሰው ካሜራውን ወደ ተመልካቹ አዞረ። ከፊት ወንበር አባቴ፣ ያለ ከዘራ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ታየ። የወንድሜ ፊት ፈታ አለ፣ ጣቱን ቀሰረ።

«አባባ እዚያ አለ፣ አየሽው? ንገሪው እታለም። እሱ ከነገራቸው ያስቆሙታል።»

እሺ፣ እነግረዋለሁ አልኩት።